የሟቹ ኡድ

«አባትህ ግን ፈቅደዋል?»

የኔሰው ይህን የጠየቀው ኡዱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው… ቢቸና፣ ከፋለ የሚባል ነጋዴ ሱቅ በር ላይ።

የኔሰው የሰርግ ጊታሪስት ነው። ኡድ የሚባለውን ሆደ ሰፊ የዓረብ የክር መሣሪያ መጫወት ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኛል። ከፋለ ሞጣ ካለው የአባቱ ቤት ኡድ አምጥቶ ሊሸጥ ነው ሲባል ምሳውን ትቶ ነው የሮጠው።

ከፋለ የሱቁን ዕቃ ማስተካከል ያዘ።

«የአባት ዕቃ ነው… ባለቤቱ ካልፈቀዱ አልወስድም» አለ የኔሰው።

«አባቴ አርፏል።»

«ውይ… ነፍስ ይማር። እንግዲያው የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ። በዕቃቸው እየተጫወትኩ ዝም ማለት ይከብደኛል፤ ለንስሐ አባቴ ልስጥላቸው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

ከፋለ ወደ መንገዱ ዞረ። አንድ ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቀ…

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሙታን በጸሎት ሲታሰቡ የኃይለ ጊዮርጊስም ስም አብሮ ይነሳ ጀመር።

ኡዱ ግን እሺ አላለም።

ጊታር አንገቱ ላይ ብረቶች አሉት፤ ጣትህን የት እንደምታሳርፍ ይነግሩሃል። የኡድ አንገት ልሙጥ ነው… ትንሽ ከሳትክ ድምፁ ይበላሻል። የኔሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፕላስተር በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ እንደ ጊታር ለጠፈበት።

ሌላም ነገር ነበር።

የኡዱ ፊት ላይ እንጨቱ የሳሳ ቦታ አለ። የሰው እጅ ለዓመታት ያረፈበት… የኔሰው እጁን ሌላ ቦታ ሲያሳርፍ ድምፁ ደረቅ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ሲያሳርፍ ግን ክፍሉ በድምፅ ይሞላል።

ፈራ።

በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን ሲለማመድ፣ አጠገቡ ሰው የተቀመጠ ይመስለው ጀመር። ጣቱ በሳተ ቁጥር ዞር ይላል… «ይቅርታ አባቴ» ይላል… ባዶ ወንበር።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችው እህቱ ትህትና።

«ከባለቤቱ ጋር።»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አንድ ቀን ለሰርግ ሞጣ በሄደበት፣ ድምፅ ማጉያ የሚያከራየው ሰውዬ «ኡድ መማር ከፈለግህማ ጋሽ ስጦታው አሉልህ» አለው። «ድሮ በኪነት ቡድን ይጫወቱ ነበር። ዓይናቸው አያይም እንጂ ጆሮአቸው ጉድ ነው።»

በዚያች ከተማ ከሟቹ ሌላም ኡድ ተጫዋች መኖሩ ገረመው… ሌላ ነገር አላሰበም። በሌላ ቀን ኡዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተመልሶ ሄደ።

ጎረቤታቸው ፈንታነሽ በር ከፈተችለት። ጋሽ ስጦታው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«እስቲ ስጠኝ» አሉ።

ጣታቸው አንገቱን ዳሰሰና ፕላስተሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጣቴ እንዳይስት ብዬ ነው ጋሼ።»

«ይሳት እንጂ… ካልሳተ ጆሮህ ምን ሊሠራ ነው?» ፕላስተሩን እየላጡ ጣሉት።

ከዚያ እጃቸው ወደ ኡዱ ፊት ወረደ… የሳሳው ቦታ ላይ መዳፋቸው ልክክ አለ።



«ተጠግኖ አለቀ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ አንገቱ ተሰንጥቋል ብሎ ለጥገና አዲስ አበባ ልኮልኝ ነበር።»

«ጋሼ… የክርስትና ስምዎ ማነው?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ። ምነው?»

በየጸሎቱ ነፍስ ይማር የተባለላቸው ሰው… ይኸው እየተነፈሱ ፊቱ ተቀምጠዋል።

የኔሰው ያንን ኡድ ይወደው ነበር። ሆኖም ዋጥ አድርጎት «አዎ ጋሼ፣ ጥገናው አልቋል… ላደርስዎት ነው የመጣሁት» አለና ሊወጣ ተነሳ።

«ቁጭ በል» አሉት። «ጠጋኝ ፕላስተር አይለጥፍም። ገዝተኸው ነው።»

የኔሰው ተመልሶ ተቀመጠ።

«የክርስትና ስምም እንዲሁ አይጠየቅም… ሞቷል ነው ያለህ?»

የኔሰው አለቀሰ። ዓይናቸው ባያይም ሰምተውታል።

ጋሽ ስጦታው ኡዱን ወደሱ ገፉት።

«ውሰደው።»

«ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎ ነው። ገንዘቡም ይቅርብኝ…»

«ከፋለ በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል። እዚህ አጠገቤ ይቀመጣል፣ እጄን ይይዘኛል። ኡዱን እዚህ ካገኘው ማወቄን ያውቃል… ያፍራል፣ መምጣትም ይተዋል። ያኔ የሚቀርብኝ ልጄ ነው።»

የኔሰው ኡዱን ይዞ ወጣ። አሁንም ሞጣ እየተመላለሰ ከእሳቸው ይማራል… በበዓል ሰሞን ግን አይሄድም።

ቢቸና ሲለማመድ ዛሬም ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር ያያል። «የሞተ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር» ይላል።

ባለፈው ፋሲካ ከፋለ መጥቶ ነበር። ፈንታነሽ ምሳ እያቀረበች የሰማችውን ነው የምነግራችሁ።

«ኡዴ ገና ነው ልጄ?» አሉት አባቱ።

«ገና ነው አባዬ… የሚሆን እንጨት ጠፍቶ ነው።»

ጋሽ ስጦታው የልጃቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ግድ የለም» አሉ። «አታስቸኩላቸው… አንተ ብቻ ና።»

ወገኖቼ… ወላጅ አውቆ ዝም ሲል ያታለልነው ይመስለናል። እንዳንርቀው ፈርቶ እኮ ነው። አባት እናታችሁ ዝም ብለው ያለፉላችሁን ነገር ዛሬ አስቡት፤ በሕይወት ካሉም ሳይመሽ ይቅርታ በሏቸው።

እናንተ የኔሰውን ብትሆኑስ? ለከፋለ እውነቱን ትነግሩት ነበር… ወይስ የአባትየውን ምስጢር ይዛችሁ ዝም ትሉ ነበር?

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ እኔ እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።