የሚጨበጥ ማስረጃ

ነርሷ መምህሩን መፍራት የጀመረችው ልብስ ሰፊው የሞቱ ዕለት ነው።

ልብስ ሰፊው ጉንፋናቸው ለቋቸው ነበር። ጠዋት ሾርባቸውን ጥርግ አድርገው፣ ጨው አንሶታል ብለው ወጥ ቤቷን ተነጫንጨውባታል። በጨው የሚጣላ ሰው ቶሎ ይሞታል ብሎ ማን ይጠብቃል? ከምሳ በኋላ ግን ሞተው ተገኙ። መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋል።

«ምንም አልነገሩኝም» አሉ መምህሩ፣ ቅር ብሏቸው።

የመምህሩን ጉዳይ በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ነገር ፈልገዋል፤ ፈጣሪ ለመኖሩ ማስረጃ። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሰንጥቀው አይተዋል፣ የማር እንጀራ ለክተዋል፣ የዝንብ ዓይን በማጉያ መነጽር ሥር አስቀምጠው ውለዋል። «ንድፉን አየሁት፤ ነዳፊውን አላየሁትም» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። ሊሞት ያለ ሰው የሆነ ነገር ሳያይ አይቀርም ብለው አሰቡ። ስለዚህ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ቃል ያስገባሉ፦ «እሱን ካዩት፣ መናገር ቢያቅትዎ እንኳ እጄን ጨበጥ ያድርጉት።»

እስካሁን የጨበጣቸው የለም።

መጀመሪያ ነገሩ ያስቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ ተረኛው ማን ነው?» እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር። ከልብስ ሰፊው በኋላ ሹፌሩ ሞቱ፤ ብዙም ሳይቆይ አዋላጇ ተከተሉ። ሁሉም የሞቱት ከምሳ በኋላ፣ ቤቱ በሙሉ በሚያሸልብበት ሰዓት ነው። መምህሩም ከሁሉም ጋር ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚቀልድ ጠፋ።

ነርሷን እንቅልፍ የነሷት እናቷ ናቸው። ቤት የሚውልላቸው ሰው ስለሌለ፣ ዓይኔ ሥር ይሁኑ ብላ ራሷ ናት እዚሁ ያስገባቻቸው። ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። እማማ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። የዚህን አንሶላ ያነጥፋሉ፣ የዚያን ትራስ ያስተካክላሉ። ሰው ሊያርፍ ሲል መምህሩን የሚጠሩላቸው፣ ሲያርፍም ሮጠው መጥተው ለነርሷ የሚነግሯት እሳቸው ናቸው። ከመምህሩ ደግሞ አይለዩም።

«እማዬ፣ እኚህን ሰውዬ ራቂያቸው» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ጸጉራቸውን እያበጠረች።

«ምን አደረጉሽ?»

«እኔንማ ምንም። አጠገባቸው የተኛ ሰው ግን አይነሳም።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ዝንብ እሽ የማይሉ ሰው ናቸው።» እማማ በረጅሙ ተነፈሱ። «አንጀቴን ነው የሚበሉኝ። ሳያገኙት ሊሞቱ ነው እኮ። ሰው እንዲህ ሲለምን እያዩ ዝም ይባላል?»

ነርሷ ለኃላፊው ነገረችው። «ሽማግሌ ሞተ ብዬ ፖሊስ ልጥራ?» ብሎ ሳቀባት። ሁለተኛ አልነገረችውም።

በዚያው ሰሞን እማማን ብርድ መታቸውና አልጋ ያዙ። መምህሩ ወዲያው ወንበራቸውን ይዘው መጡ። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ስትገባ ሲነጋገሩ ደረሰች።

«ተራዎ ሲደርስ አይረሱኝም አይደል?»

«እንዴት ብዬ እረሳዎታለሁ?» አሉ እማማ።

መድኃኒቱን አስቀመጠች። መምህሩን ክንዳቸውን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻቸው።

«እናቴ ዘንድ ሁለተኛ እንዳይመጡ። እየለመንኩዎት አይደለም።»

መምህሩ አልተቆጡም። ዓይናቸው ግን ከእማማ በር ላይ አልተነሳም። «ጊዜ የለኝም ልጄ» አሉ። «አንድ ሰው ብቻ ቢነግረኝ ይበቃኛል።»

ከዚያ በኋላ ነርሷ ከእናቷ በር አልጠፋችም። ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። እማማ ላብ ላብ ብሏቸው ትኩሳቱ ሲለቃቸው እንኳ ልቧ አላረፈም። እናቷን ከሞት ያወጣች ሳይሆን ለሞት ያቀረበች እየመሰላት ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የመድኃኒት መኪና መጣና ፈርማ እንድትረከብ ተጠራች። ከበር ደርሳ ለመመለስ ምን ያህል ይፈጃል ብላ ሄደች። ስትመለስ የመምህሩ ክፍል ባዶ ነው፤ የእናቷ በር ተዘግቷል። በሩ ተዘግቶ አያውቅም።

በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አልጋው ላይ የተኛው ሰው እስከ አናቱ ተሸፍኗል፣ አይንቀሳቀስም። አንድ እጅ ብቻ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«እማዬ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ትቀሰቅሻለሽ» አሏት እናቷ፣ ከወንበሩ ላይ ሆነው።

ነርሷ ብርድ ልብሱን ገለጠችው። መምህሩ ናቸው። አንገታቸውን ዳበሰች፤ ትርታ የለም።

«ደክመው ነበር፣ ጋደም በሉ አልኳቸው» አሉ እማማ፣ ትራሱን ከጭናቸው ላይ እያነሱ። «ያን ሁሉ ሰው ላክኩላቸው፣ አንዱም መልስ አላመጣላቸውም። ዛሬ እሳቸውኑ ላክኳቸው።»