የለቅሶ ልክ

የእድሩ የለቅሶ መለኪያ የሙሉነሽ ለቅሶ በደቂቃ መቶ ሠላሳ የደረት ምት ስለሆነ ደስታ ነው ብሎ መዝግቧል። ጎረቤቶቿ ደግሞ ባሏ የተቀበረ ዕለት ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች ይላሉ። የአሥራ አምስት ቀን የሐዘን ፈቃድ የሚያገኘው ከስልሳ ምት ሳያልፍ ያለቀሰ ሰው ብቻ ነው። የፈጠነ በማግስቱ ሥራ ይገባል።

የእድሩ ዳኛ ሽብሩ ለሁለተኛው ልኬት መለኪያውን ይዞ ሲመጣ ከጓዳ የማንኪያ ድምፅ ሰማ። ጎረቤቷ አልጋነሽ ትሪ ላይ ቀስ እያለች ትመታለች፤ ሙሉነሽ በምቱ ልክ ደረቷን ትደቃለች። ዐይኗ ደረቅ ነው። ሽብሩ ሐዘኗን መጠርጠሩ ልክ እንደነበር ተሰማው።

«ለቅሶ ነው ልምምድ?» አለ።

«ልምምድ ነው፣ ጋሽ ሽብሩ» አለች አልጋነሽ ሳትደነግጥ። «እናትዎ ሲሞቱ እርስዎስ በግድግዳ ሰዓት ሲለማመዱ አልነበር? አጥራችን እኮ አንድ ነው።»

ሽብሩ ያኔ አሥራ አምስቱን ቀን አግኝቷል፤ እናቱን ግን እስከ ዛሬ ከልቡ አላለቀሰም።

«በሟቹ ባሌ አገር ወንድ የሚለቀሰው በፈጣን ከበሮና በፉከራ ነው» አለች ሙሉነሽ። «እንዲህ ቀስ ስል ለሌላ ሰው ባል የማለቅስ ይመስለኛል።» ማንኪያውን ከአልጋነሽ እጅ ወስዳ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች።

«መለኪያውን ይክፈቱት፣ ጋሼ። እንደ አገሩ አለቅስለትና ነገ ሥራ እገባለሁ።»