የበሩ ማጠፊያ

መቼ ነው የምመለሰው? ስልኬ ላይ ያለው መልእክት የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ባሕር ማዶ እሠራበት የነበረው የመዝገበ ቃላት ቢሮ እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት ካልመለስኩለት ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። «ሪተርን የሚለውን ግስ ጀምረሽ ነው የሄድሽው» ብላኛለች አለቃዬ። «ማን ይጨርሰው?»

አላውቅም። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ማጠፊያውን እይዛለሁ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው የጋሽ ደበሳይ ብረት ቤት የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው፣ ይሽከረከራል። አፍንጮ በር ሰፈር ያለው ቤታችን የውጭ በር ማጠፊያው ተሰብሮ እናቴ አራት ዓመት በሽቦ አስራው ኖራለች። ጋሽ ደበሳይ በመሀሉ የሚያልፈውን ዘንግ እያወጡልኝ ነው።

«ሞክሪው፣ ተስኒም» ይሉኛል ማሽኑን አቁመው።

«አልገባም።»

«እንዳይገባ ነው የተውኩት። ከልክ በላይ ብልጠው በምን ልቀጥልልሽ ነው? በማስቲካ?»

መቁረጫውን ወደ መነሻው ይመልሱታል። ፀጉር የምታህል ልጦ ያልፋል፤ እንደገና ይመለሳል። ብረቱ ግን በየዙሩ ሌላ ብረት ነው።

ቢሮው ሳለሁ ስለ ግሱ አመጣጥ በቃላት ካርዴ ላይ የጻፍኩት ትዝ ይለኛል፤ ስጽፈው ይህ ማሽን በዓይኔ አልመጣም ነበር።

«ጋሽ ደበሳይ፣ እንግሊዞች መመለስ የሚሉበት ቃል፣ ሪተርን፣ ከዚህ እኮ ነው የመጣው። በላቲን ቶርናሬ ነበር፤ ቶርኖ ላይ ማዞር።»

«እኛን ሳይጠይቁ?»

«ይክሰሷቸው፣ ጋሼ!» ይላል በያጁ ኡመር ከጎረቤት። ሦስታችንም እንስቃለን።

«አንቺስ? ትሄጃለሽ?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«በር እያሠራሽ?»

በስድስተኛው ሙከራ ዘንጉ ሳይገፋ፣ ሳይላላ ይገባል። ገና ትኩስ ነው። ማጠፊያውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደርገዋለሁ። ድምፅ የለውም። እንደ ሕፃን ያስቀኛል።

ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ ቶርኖውን ከጋሽ ደበሳይ ግራሶ ከነካው እጅ ጋር ፎቶ አነሳለሁ። ከሥሩ እጽፋለሁ፦ «የግሱ ሥር ይኸው። የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰው፤ እኔ በር ልገጥም ነው።»

ለአለቃዬ ላክኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መልስ አልመጣም። በሩን እናቴ በአንድ ጣቷ ትከፍተዋለች።