ዲር

እቴናት ማውሱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። የጭነት ትራንዚት ቢሮው ከጽዳት ወደ መዝገብ ሥራ ሊያዛውራት ሁለት ኮምፒውተሮች ፊት ለፈተና አስቀምጧታል። አንደኛው ባለሥዕል ነው፤ ሌላኛው ጥቁር፣ ፊደል ብቻ የሚቀበል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው ፈታኝ በፈለጉት ይሞክሩ ብሏታል።

«ባለሥዕሉ ይሻልዎታል እትዬ» አላት፣ ላብ ያጣበቀውን ሸሚዙን ከጀርባው እያላቀቀ። «ፊደል ለሚከብደው ሰው የተሠራ ነው። ሠሪዎቹ ሥዕሎቹን ከሌላ ኩባንያ ኮርጀው ነው ይባላል፤ ግን ማን ይጠይቃቸዋል?»

«እኛ መሠረተ ትምህርት ክፍል የኮረጀ ይባረራል» አለችና ወንበሯን ወደ ጥቁሩ ጎተተች።

ፈታኙ ሳቀ። «እሺ፤ የጭነት ፋይሎቹን ዝርዝር እንዲያወጣልዎ ‹ዲር› ብለው ይጻፉ።»

ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ዞረ። የፈረንጁን ፊደል በቅደም ተከተሉ ነበር የሸመደደችው፤ እዚህ ማን እንደበታተነው እንጃ። ‹ዲ›ን አገኘች፣ ‹አር›ን አገኘች፣ የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነች። ማሽኑ ትእዛዙን አላወቀውም።

«አላልኩዎትም?» ፈታኙ ማውሱን መልሶ አቀበላት። በአንድ ስህተት ወድቃ ነገም መጥረጊያ ልትይዝ ነው።

እጁን በክንዷ ገፋችው። «ቆይ ልጄ! ‹ዲር› በእኛ ሁለት ፊደል ነው፤ ፈረንጆቹ ግን የ‹ኢ›ን ድምፅ ለብቻው ነው የሚጽፉት።» እንደገና ጀመረችና በመሃል ‹አይ› የሚባለውን ፊደል ጨመረች።

ዝርዝሩ ጥቁሩን መስታወት ከላይ እስከ ታች ሞላው።

«በቃ፣ አልፈዋል፤ ይነሱ» አላት ፈታኙ።

አልተነሳችም። ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፋ፣ ቢሮው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።