የሰመጠችው ልጅ

አቶ ደምሰው ልጃቸውን ሊያገባ ለመጣው ጎረምሳ ያስቀመጡለት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሳቸው የሰጡትን፣ በሬ ቢመቱበት የሚጥል ወፍራም ልቦለድ አንብቦ መፈተን። ጎረምሳው ሽፋኑን እንኳ አልገለጠም። ስልኩን "መጽሐፉን አሳጥረህ ንገረኝ" አለውና የነገረውን ታክሲ ውስጥ ሸምድዶ መጣ።

አሁን አቶ ደምሰው ቤት ሶፋ ላይ ላብ አጥምቆታል። አባትየው አንድ ነገር በጠየቁት ቁጥር መልሱን ሰምተው ጋቢያቸው ውስጥ ያቀረቅራሉ። ምን ደብቀዋል? "ሰውዬው ነቅተውብኛል" አለ በሆዱ።

"እስቲ ልጄ፣ ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?"

"ወንዝ ወስዷት ሞተች፣ ጋሼ።"

አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አይ ልጅቷ! ስትሰምጥ እኮ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። አልፈሃል፣ ሽማግሌህን ላክ!"

ጎረምሳው ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ጋቢው ውስጥ "መጽሐፉን አሳጥረህ ንገረኝ" የሚል የተጻፈበት የበራ ስልክ አየ።

ልጃቸው መጽሐፉን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማለች። ሁለቱንም በተራ አየቻቸው።

"መጽሐፉ ውስጥ እኮ ወንዝ የሚባል ነገር የለም" አለች። "ልጅቷም አልሞተችም። መጨረሻ ላይ አባቷንም እጮኛዋንም ጥላ ነው የምትሄደው።"