ይመኙሻል አትምልም

ይመኙሻል የመጨረሻውን የምስር ጆንያ በጉልበቷ ገፍታ ክፍተቱን ስትደፍን፣ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ከሱቋ በር ላይ ቆሙ።

ከጆንያዎቹ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተጣብቃ የተኮራመተችው ኛቦል ናት። በዚህ ሱቅ ደጃፍ ጸጉር ስትሠራ ሁለት ዓመቷ ነው። የዚሁ አገር ልጅ ብትሆንም ድንበር ማዶ ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከይመኙሻል ልጆች አማርኛ አያንስም፤ ይመኙሻልንም «እማዬ» ነው የምትላት። ወንድሟ የተሰለፈላቸውን ታጣቂዎች ከድቶ ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው። እሷን ከያዙ እሱ በገዛ እግሩ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ባለፈው እንዲህ ብለው ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ የወሰዷት ሴት እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ኛቦል እየሮጠች ስትገባ ያያት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ስኳርና ዘይት የሚያከፋፍለው ሱሩር።

አራት ሆነው ወረዱ። መለዮ የላቸውም፤ የያዙት መሣሪያ ብቻ ነው። ሱሩር መንገዱን በሩጫ ተሻግሮ መጣ፤ ፈገግ ሊል ይሞክራል፣ ከንፈሩ ግን እምቢ ብሎታል።

«ሰላም ታኩም፣ ሰላም ታኩም! ምን ጠፋ?»

«አንዲት ረጅም ሴት» አለ መሪያቸው፣ በጥሩ አማርኛ። «ጸጉር የምትሠራ።»

በዐረብኛ ቢጠይቅ ኖሮ ይመኙሻል «አልገባኝም» ትል ነበር።

«ወላሂ ዛሬ አልመጣችም!» አለ ሱሩር።

ሰውዬው ሳቀ። «አንተማ ወላሂ ያላልክበት ቀን አለ? ባለፈው ወላሂ አዲስ ነው ብለህ የሰጠኸኝ ዱቄት ነቀዙ ከእኔ ቀድሞ በልቶታል።»

«እሱ እንኳን ከላይ ከዩጋንዳ ሲመጣ...»

«ዝም በል። እማዬ ትንገረኝ።»

ወደ እሷ ዞረ። ዕድሜው ከመጨረሻ ልጇ ከኢዩኤል አይበልጥም። እሱ ሲጠጋ የመሣሪያው ዘይት ሸተታት።

«እኔ ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ነው ያደግኩት፣ እማዬ። የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ዘምሬአለሁ። ጴንጤ እንደማይምል አውቃለሁ። አንቺን ደግሞ ጠይቄአለሁ፤ ገበያው ሁሉ ሀበሻዋ ማማ አትዋሽም፣ አትምልም ይላል። የለችም ካልሽ ጆንያ አላስነሣም፣ ሰውም አልነካም፤ እንሄዳለን። ግን በኢየሱስ ስም ብለሽ ንገሪኝ።»

እጇን ከሻርፗ ስር ከተተች።

ጌታን ካገኘች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ደንበኛ «እስቲ ማዪ» ሲላት፣ «አዎ ካልኩ አዎ ነው» ብላ ስንት ገበያ አምልጧታል። ልጇን ቤተልን በልጅነቷ በአንዲት ትንሽ ውሸት ከእንግዳ ፊት አስነሥታ ይቅርታ አስጠይቃታለች። ያ ስም ደግሞ ልጆቿ ሲታመሙ የጮኸችበት፣ ባሏን ስትቀብር የያዘችው ስም ነው። ሌላ ምንም ሳይኖራት እሱ ነበራት። ጠመንጃውን ፈራች። ስሙን ግን ከጠመንጃው አብልጣ ፈራች።

ከጆንያው ጀርባ ትንፋሽ የሰማች መሰላት። እነሱም ሰምተው ይሆን?

አንተ መልስልኝ አለች በልቧ። ጣሪያው በቀትሩ ፀሐይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ያ ብቻ ነው። ሱሩር ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ በዓይኑ ይለምናታል፤ እሱ ያለውን ሰጥቷል፣ አልበቃም። የቀረው የእሷ ነው።

«እማዬ?»

«በኢየሱስ ስም» አለች። ድምፁ የሷ አልመስልሽ አላት። «እዚህ የለችም።»

«አሜን» አለ ሰውዬው፣ ወዲያው፣ ከልማድ።

ሱሩር አንገቱን ደፋ።

«ካላስ፣ እንሂድ» ተባባሉ ሌሎቹ፤ ወጥተው ሞተሮቹን አስነሡ። መሪው ግን አልወጣም። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፋ አደረገና ወደ ጆንያዎቹ መጣ። ሊፈትሽ ነው፣ አወቀብኝ ብላ ከምስሩ ጆንያ ፊት ቆመች። ሰውዬው ግን ከፊቷ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና አጎነበሰ።

«ጸልዪልኝ፣ እማዬ። ከካምፕ ከወጣሁ ወዲህ እጇን የጫነችብኝ እናት የለችም።»

ራሱ ከጆንያው አንድ ክንድ አይርቅም። ኛቦል ብትተነፍስ ይሰማታል። ይመኙሻል እጇን ከሻርፗ ስር አወጣችና ጫነችበት። ጸጉሩ አጭር ነው፤ በላብ ርሷል፤ እንደታመመ ሕፃን ይፋጃል። ዓይኑን ያዝልኝ፣ ቶሎ አስወጣልኝ ልትል ነበር ያሰበችው። በዚያ ስም ከዋሸች ደቂቃ እንኳ አልሞላትም፤ በየትኛው አፏ ትጸልያለች? ከመዳፏ ስር ግን ራሱ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጠው እሱ ይሁን የሷ እጅ፣ መለየት አቃታት።

«ጌታ ሆይ» አለች፤ «ማረን።»

ሰውዬው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ሳያያት፣ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

የሞተሮቹ ድምፅ ወደ ዋናው መንገድ እየራቀ ሄደ። ሱሩር በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየ።

«ሄዱ፣ እትዬ» አለ በሹክሹክታ። «ወላሂ ሄዱ።»

ኛቦል ከጆንያው ጀርባ ማልቀስ ጀመረች። ይመኙሻል ሰማቻት፤ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እጇ የሰውዬው ራስ በነበረበት ከፍታ ላይ፣ በአየር ላይ እንደተዘረጋ ነው። መዳፏ በላቡ ርሷል። ልትጠርገው አልደፈረችም።