ከሃምሳ ወደ ስድስት ደቂቃ

መቅደላዊት የሠራችው መሣሪያ አንድ ፕሮግራም በየትኞቹ ሌሎች ፕሮግራሞች ላይ እንደተደገፈ ይመረምራል። ትእዛዝ ከተጻፈለት በኋላ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አንብቦ ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። አለቃዋ አቶ ኅሩይ፣ «ስምንት ስምንቱን ባንዴ ያንብብልን እንጂ» እያሉ ዓመት ሙሉ ወተወቷት። የእሷ መልስ ግን ሁሌም አንድ ነበር፤ «ውጤቱ ሲጻፍ ይደበላለቃል፤ አደገኛ ነው።»

ማክሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠይቃት ተቀምጣ ሠራችው። ፋይሎቹ ባንዴ ይነበባሉ፤ ውጤቱ የሚጻፍበት ዝርዝር ግን ቁልፍ ስላበጀችለት አንዱ ጽፎ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ደጋግማ ሞከረችው፤ አንዴም አልተሳሳተም። ስድስት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ባልደረቦቿ አጨበጨቡ፤ እሷ ደስታም ድካምም አልተሰማትም።

«ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብሽም!» አሉ አቶ ኅሩይ። «ታዲያ ዓመት ሙሉ ምን ሆነሽ ነው?»

«መሣሪያው እስኪጨርስ እዚህ ጀርባ አባቴ ቤት እየሄድኩ ምሳ አጎርሰው ነበር።»

«ውይ! ታዲያ ከእንግዲህ ማን ሊያጎርሳቸው ነው?»

«የቤት ሠራተኛዋ» አለች ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ። «ትናንት እጄን ገፍቶ፣ ‹ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፤ አስወጪልኝ› አላት።»